የዋንዛው ክዳን

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ስንት ጊዜ ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ስዘረዝር፣ እዚህች ላይ ስደርስ ዘልያታለሁ። ዛሬ ለማታውቀኝ ላንተ ልናገር።

እኔ ኮልፌ የምሠራ አናጢ ነኝ። ጎረቤቴ እትዬ አስካለ አንድያ ልጃቸውን ከቀበሩ በኋላ የቀራቸው እሱ ያበጀው የዓሣ ገንዳ ነበር፤ መስታወቱ ውስጥ፣ ከውኃው ሥር፣ በእጁ የተከላቸው ለምለም ቅጠሎች። አሮጌው ክዳን ሲበሰብስና መብራቱ ሲቃጠል እኔን ጠሩኝ።

«አንተ ታውቃለህ ልጄ፤ ክዳኑንም መብራቱንም ምረጥልኝ። ብቻ ተክሉ እንዳይሞትብኝ» አሉ።

እኔም መረጥኩ። ከዋንዛ፣ ዙሪያውን ቅርጽ አውጥቼ፣ ዝቅ ያለና ግጥም ያለ ክዳን ሠራሁ። ያየው ሁሉ «አቤት እጅ!» አለኝ። ከዚያ ጦር ኃይሎች ሰፈር መብራት ልገዛ ስሄድ ሻጩ፣ «ለተክል ከሆነ ይሄን ጠንካራውን ነጭ ውሰድ። ግን ይሞቃል፤ ላዩ ክፍት ይሁንና ከፍ ብሎ ይንጠልጠል» አለኝ። ክፍት? ያን ሁሉ የለፋሁበትን ክዳን ላፍርሰው? እምቢ አልኩ። ክዳኔ ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ሰማያዊ መብራት ገዛሁ። ሲያዩት ያምራል፤ ለቅጠል ግን ከጨለማ አይሻልም። ይህን እያወቅሁ ገጠምኩት።

ቅጠሎቹ ቢጫ ሆኑ፤ ቀጥሎ በሰበሱ። እትዬ አስካለ እያለቀሱ «ምን አገኘብኝ?» ሲሉኝ እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። ምን አልኩ መሰለህ? «ሰው አይቶት ነበር እንዴ?» አልኩ።

በቃ፣ ይህችን ብቻ። እሳቸውም፣ «ዘነበች... ‹ወይ ማማሩ!› አለች፤ ‹ከዓይን ያውጣው› ሳትል» አሉ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።

እትዬ ዘነበች የግድግዳ ጎረቤታቸው ናቸው፤ በልጁ ሐዘን መሬት ላይ አብረዋቸው ያደሩ ሴት። በማግስቱ የእትዬ አስካለ በር ተዘጋባቸው። ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ፤ እናቶች እሳቸውን ሲያዩ የሕፃን ፊት በነጠላ መሸፈን ጀመሩ። ለአንድ ክዳን ብዬ የሰው ስም አጠፋሁ። እያየሁ ዝም አልኩ።

ዓመት አለፈና የእትዬ ዘነበችን በር ልጠግን ገባሁ። መስኮታቸው ላይ፣ ፀሐይ የሚመታው ጠርሙስ ውስጥ፣ ያ ተክል! ለምልሞ!

«ልጁ በሕይወት ሳለ ቆርጦ የሰጠኝ ነው» አሉኝ። «ለአስካለ አድርስልኝ። አልቀበልም ትል ይሆናል፤ ግን ከዘነበች ነው በላት።»

ጠርሙሱን ይዤ ግቢውን ተሻገርኩ። እትዬ አስካለ ቅጠሉን ገና ሲያዩት ለዩት። «ከየት አገኘኸው?» አሉኝ። ከዘነበች ነው ብል፣ «ታዲያ እሷ ዘንድ ከለመለመ የኔን ምን ገደለው?» ይሉኛላ!

«እኔው ፈልጌ አመጣሁልዎት» አልኩ።

ሁለት እጆቼን ይዘው ሳሙ። «እጅህ ይባረክ» ብለው መረቁኝ። ወይ እኔ! ያንንም ምርቃት ተቀበልኩ።

እትዬ አስካለ ሳይታረቁ ሞቱ። ከቀብር ስንመለስ እትዬ ዘነበች ቀስ ብለው ተጠጉኝና፣ «ያኔ ተክሉን ስትሰጣት ምን አለች?» አሉኝ።

«ምንም አላሉም» አልኩ።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ ይቅርታው ያንተ አይደለም። እትዬ ዘነበች ዛሬም አሉ፤ ሲያገኙኝ ሰላም ይሉኛል። በራቸው እኔ የጠገንኩት በር ነው። እስካሁን አላንኳኳሁትም።