የመዳቡ ትልም

በሥራዬ እናቴን ያህል ያሾፈ ሰው የለም። ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ከማስተማር በሚተርፈኝ ጊዜ ደግሞ ትልልቅ የካርቦን ሞለኪውሎች መዳብ ላይ እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ በኮምፒውተር አሰላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ አይንቀሳቀሱም። እናቴ ከኋላዬ ቆማ ስክሪኑን እያየች፣ «ዛሬስ ተነቃነቀ?» ትለኝ ነበር። «ኧረ ምንም» ስላት፣ «እንግዲህ ደሞዝ የሚከፈልሽ የተቀመጠን ነገር ቁጭ ብለሽ እንድትጠብቂ ነዋ!» ብላ ትስቃለች። ያኔ ቀበና፣ ወንዙ አፋፍ ላይ፣ እኔ በተወለድኩበት ቤት ነበርን።

መዳብ ለዓይን ልሙጥ ይመስላል። እጅግ ቀርቦ ማየት ቢቻል ግን አንዳንዱ ገጹ እንደታረሰ ማሳ ነው፤ አተሞቹ ትልም ትልም ሠርተው ተደርድረዋል። ትንሽ ሞለኪውል ጥቂት ሙቀት ካገኘ ከትልም ወደ ትልም ይዘላል። ትልቁን ግን መዳቡ የሚይዘው ብዙ ቦታ ላይ ስለሆነ፣ አንዱን ጫፍ ሲያነሳ ሌሎቹ ይዘው ያስቀሩታል። መጠኑ ብቻም አይደለም ነገሩ። ቅርጹ ከትልሙ ጋር ያልገጠመ እንደሆነ ትልቁም በቀላሉ ይንሸራተታል። አልነቃነቅ የሚለው ልክክ ብሎ የገጠመው ነው። ሙቀት እየጨመርን ስናስገድደው ደግሞ አንዳንዱ ቦታውን ሳይለቅ እዚያው ይፈርሳል። ይህን የመጨረሻውን ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ሰፈራችን ሊፈርስ መሆኑን የሰማነው በዚያው ሰሞን ነበርና።

ምትክ የተሰጠን ከላምበረት ወዲያ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጣሪያው አያፈስም፣ ሽንት ቤቱ የግላችን ነው እያልኩ ላባብላት ሞከርኩ። እሷ ሁሉንም ከሰማች በኋላ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ማን ይቀብረኛል?»

በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ማለዳ በየመንደሩ እየዞረ ይለፍፋል። እናቴ ገና የመጀመሪያውን ስትሰማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትወጣለች። ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችንም ያኔውኑ ትወጣለች። ሁለቱ አብረው ያልቆሙበት ቀብር አልነበረም። ቀድማ የሄደችውን የቀረችው ልትቀብር ተማምለዋል፤ በዚህም ሰው ይስቅባቸው ነበር። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ለእናቴ ተረት አልነበረም።

ሰፈሩ ሲፈርስ ጎረቤታችን በከተማው ሌላ ዳር ቤት ደረሳት። የዕድሩ ሽማግሌዎች «ቤት ቢፈርስ ዕድር አይፈርስም» ብለው፣ ከእንግዲህ መርዶ በቴሌግራም እንዲነገር ወሰኑ። የእናቴ ስልክ ግን ከመደወል በቀር ሌላ አያውቅም፤ ይህን እኔን ጨምሮ ማንም ልብ አላለውም። እሷም ብትሆን መርዶ በስልክ ይመጣል ብላ አላሰበችም። ማለዳ ማለዳ ጋቢ ተከናንባ በረንዳ ላይ ትቀመጣለች።

«በዚህ ብርድ ምን እየሠራሽ ነው፣ እማዬ?»

«አዳምጣለሁ።»

ከዚያ የሚሰማው የክፍለ ሀገር አውቶቡሶች ክላክስ ነው። በተሰማ ቁጥር ብድግ ትልና መልሳ ትቀመጣለች።

አንድ እሁድ ላምበረት ሽንኩርት ስትገዛ የድሮ ሰፈራችንን ሴት አገኘች። ሴትየዋ ጥቁር ለብሳለች። «ምነው አንቺ ቀረሽ?» አለቻት። «ሁሉም ሰው ዓይኑ አንቺን ሲፈልግ ነበር።» ያቺ ጎረቤታችን ሞታ፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ተቀብራ፣ ሳልስቷም አልፎ ድንኳኑ ተነቅሏል። እናቴ ሽንኩርቱን እዚያው ትታ መጣች።

በማግስቱ እንጦጦ ወጣን። ባሕር ዛፉ ሥር አፈሩ ገና ቀይ ነው። እናቴ ተደፋችበት።

«አልሰማሁም እኮ፣ እህቴ። ጡሩምባው እዚያ አይደርስም። አልሰማሁም።»

ላነሳት ብብቷን ያዝኩና መልሼ ተውኳት። በዚያች ሰዓት አራተኛ ፎቁንም፣ ቴሌግራሙንም፣ አይዞሽ ማለት የማያውቀውን አፌንም ጠላሁ።

ከዚያ ወዲህ በረንዳው ላይ መቀመጥ ተወች። ስለ ሞለኪውሌ መጠየቅም፣ ማሾፍም ተወች። ምግብ ሳቀርብላት «እሺ» ትላለች፣ ሳነሳውም «እሺ» ትላለች። ስታሾፍብኝ እናደድ የነበርኩት እኔ፣ እንድታሾፍብኝ ብዬ ስክሪኑን ወደ አልጋዋ አዙሬ መሥራት ጀመርኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት ያለቀውን ስሌት ውጤት ስከፍት፣ ያ ስንት ጊዜ የጠበቅሁት ሞለኪውል አንዱን ጫፍ አነሳ፣ ሌላውን አስከተለ፣ ከዚያም ጎኑ ያለው ትልም ላይ ሄዶ ተኛ። እንደ ልጅ እየጮህኩ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ ተነቃነቀ እኮ!»

ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። ከስንት ጊዜ በኋላ ልታወራኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

«የት ደረሰ?»

«እዚያው ጎኑ። አንድ ትልም ነው የተሻገረው።»

«መመለስስ ይችላል?»

«ይችላል። ትልሞቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ለሱ መሄዱም መመለሱም እኩል ነው።»

ስክሪኑን አየች።

«ታድሎ» አለችና ጋቢዋን እስከ ፊቷ ሳበች።