ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ

አገሬ የተማርኩት ስለ ዕፅዋት ነበር። በሰማንያዎቹ ሲያትል ውስጥ ግን ሥራዬ አንዲት የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የፓርኪንግ መዝጊያ ማንሳትና ማውረድ ሆነ። በአንድ የነሐሴ ወር የሦስት ቀን ፈቃድ ወሰድኩና የባቡሩን ሐዲድ ተከትዬ በእግሬ በስተሰሜን እስካለችው ከተማ እስከ ኤቨረት ድረስ ያገኘሁትን ተክል ሁሉ ልመዘግብ ተነሳሁ።

መንገዱ እንዲያ ጠባብ መሆኑን ማን ነገረኝ? በግራ ባሕር፣ በቀኝ ገደል፣ መሐል ሐዲድ። ስምንት ሰዓት ላይ ባቡር ሲመጣብኝ ገደሉ ሥር ያለ የእንጆሪ ቁጥቋጦ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ባቡሩ አለፈ፤ እኔን ግን እሾሁ አልለቅ አለኝ። ኮቴን፣ ሱሪዬን፣ ጸጉሬን ሳይቀር ይዞኛል፤ ስታገል ይብስበታል። የበሰለው ፍሬ ከንፈሬን ይነካኛል። ፍልሰታን እየጾምኩ ነበር፤ ፍሬ የጾም ነው፣ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም። ማንም አያየኝም እኮ! ይኼው ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

ተቧጭሬ ስወጣ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነበር። ሩብ ሰዓት መጠበቅ አቅቶኝ አይደለም፤ እልህ ይዞኝ ጥዬው ሄድኩ። ዘጠኝ ሲሞላ ዙሪያዬን ድንጋይና ውኃ ብቻ ነበር።

ደብተሬ ዛሬም አለ። የዚያን እንጆሪ ቅጠልና እሾህ በዝርዝር ጽፌያለሁ። «ጣዕም» ከሚለው ጎን የጻፍኩት ግን ሰዓቱን ብቻ ነው፦ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ።