የአሰፋ ቀኝ እግር

ባሌ አሰፋ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ሠላሳ ዓመት ሰፍቷል። ቀኝ እግሩ የስፌት መኪናውን ሲረግጥ ሰው ቢያናግረው እንኳ አይቆምም። በጾምም ማንም አይስተካከለውም። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምስ ይውላል። ስኳር በሽታ ይዞት ሐኪሙም የንስሐ አባታችን አባ ኤልሳዕም «ሕመምተኛ ነህ፣ ይቅርብህ» ቢሉት በጄ አላለም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን ምን ይበላል? ሐላዋ፣ ያንን በስኳር የተሠራ ጣፋጭ! ሻዩማ በስኳር ብዛት ማንኪያ ያቆማል።

«አንተ ሰውዬ፣ ልትሞት ነው?» እለዋለሁ።

«ስኳር እኮ የጾም ነው» ይለኛል። ወይ ጉድ!

ዘንድሮ ሁዳዴ ሲገባ የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ቆሰለ። ስኳሩ ካልወረደ እግሩ እንደሚቆረጥ ሐኪሙ ነገረኝ። እየሮጥኩ ፈረስ መጋላ ገበያ፣ ሐላዋ ሻጩ ነስሮ ዘንድ ሄድኩ።

«ወላሂ እትዬ ለተማርያም፣ ከዛሬ ጀምሮ አልሸጥለትም» አለኝ፤ ቃሉንም ጠበቀ። የእኔው ሰውዬ ግን ከከተማው በሮች አንዱ እስከሆነው ፈላና በር ድረስ ሄዶ ገዛ። በዚያ በቆሰለ እግሩ! ቢጨንቀኝ እያለቀስኩ አባ ኤልሳዕ ዘንድ ሄድኩ። አስጠሩት።

«ልጄ፣ ሥጋና ቅቤ መተው ለአንተ ምንም አይደለም» አሉት። «የምትወደውን ተው። ቀኖናህ ይህ ነው፤ ምግብህን በሰዓቱ ብላ፣ እስከ ፋሲካ ግን ጣፋጭ የሚባል እንዳትቀምስ።»

መስቀል ተሳልሞ ወጣ። እውነቴን ነው፣ አልቀመሰም! ቁስሉ ደረቀ። ለሆሳዕና ጥቂት ቀን ሲቀር መኪናውን እንደገና ሲረግጥ ሰምቼ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ፋሲካ ጠዋት ሻይ ቀዳሁለት። ብርጭቆውን ሳይነካ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«ለተማርያም፣ ጌታ ተነሥቷል እኮ!» አለኝ።

አንጀቴን በላው። ያን ሁሉ ቀን ችሏል፤ አገሩ ሁሉ ደስ ብሎታል፤ እሱ ብቻ ለምን ይቅርበት? ሦስት ማንኪያ ስኳር የጨመርኩለት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ። ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰው? በሰኔ እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቆረጡት።

አሁን በራችን ላይ ተቀምጦ ይውላል። ሰው ሲጠይቀው «እግዜር ያመጣው ነው» ይላል፤ እኔ ይህን ስሰማ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ሐኪሙ «የግራውን ጠብቂው» ብሎኛል።

በቀደም ለአባ ኤልሳዕ ተናዘዝኩ። ብዙ ስግደት ይሰጡኛል ብዬ ነበር፤ ሺህም ቢሉኝ እሰግዳለሁ።

«ሲለምንሽ እምቢ በይ፤ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም» አሉኝ።

ሁለት ቀን ጨከንኩ። ትናንት ጠዋት ብርጭቆውን ዘርግቶ አየኝ።

«አንድ ማንኪያ ብቻ!» አልኩት በቁጣ።

ሁለተኛውን ሳይለምነኝ ጨመርኩለት።