የሺሃረግ ብሬስ ያሰረች ጊዜ

የሺሃረግ ኃይለመስቀልና እኔ አሰላ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ስናስተምር አሥራ አንድ ዓመት ሆኖናል። የሚለየን ግድግዳ ብቻ ነው። ክፍሏ በሳቅ ሲናጋ እሰማለሁ፤ እሷ ግን መዳፏን አፏ ላይ ሳታደርግ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። የላይ ጥርሶቿ ወደ ፊት ወጣ ያሉ ነበሩ፤ ከንፈሯ በደንብ አይከድናቸውም ነበር።

ሐኪም ቤት የሄደችው ግን ለመልክ ብላ አይደለም። የታች ጥርሶቿ ላንቃዋን እየወጉ ያቆስሏት ጀመር። በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ትኩስ ነገር መጠጣት ተሳናት። ጥርስ የምታስተካክል ዶክተር መክሊት የምትባል ወጣት ሐኪም በወር አንዴ ከአዳማ እንደምትመጣ ሰምተን አብረን ሄድን።

እኔ የጠበቅሁት እንደ ሊጥ ያለ ነገር አፏ ውስጥ ጨምረው እንዲያስነክሷት ነበር፤ የእህቴን ልጅ እንደዚያ አድርገዋት ስታስመልስ አይቻለሁ። ዶክተሯ ግን ጫፏ የሚያበራ፣ የእጅ ባትሪ የምታህል መሣሪያ አስገብታ ጥርስ በጥርስ አዞረቻት። አምስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። የየሺሃረግ ጥርሶች ከነድዳቸው ኮምፒውተሩ ላይ ወጡ። ዶክተሯ ከላይም ከጎንም ከውስጥም አገላብጣ አሳየችን።

“አሁን ደግሞ ወደፊት እንዴት እንደሚሆኑ እንይ። ግምት ነው እንግዲህ” አለችና አንድ ነገር ነካች። ጥርሶቹ ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ገብተው ተሰለፉ።

የየሺሃረግ እንባ ወረደ።

“ቲቸር፣ አሳመምኩዎት እንዴ?”

“አይ። የመጀመሪያውን መልሺልኝ እስቲ።”

መለሰችላት። የሺሃረግ ብዙ ጊዜ አየችው። “ይቺ እናቴ ናት” አለች።

እናቷ እትዬ ውድነሽ ያረፉት እሷ አሥራ ስምንት ዓመቷ ሳለ ነው። ከእሳቸው የቀረችው አንዲት የመታወቂያ ፎቶ ናት፤ እሷም ላይ አፋቸውን በግድ ገጥመዋል።

የዚያን ቀን ምንም ሳታስጀምር ወጣን። ቅዳሜ በሚኒባስ ኦጎልቾ፣ አባቷ ዘንድ ወረደች። የሆነውን የነገረችኝ እሷው ናት።

አቶ ኃይለመስቀልን ሽንኩርት ሲኮተኩቱ አገኘቻቸው።

“አባባ፣ የእማዬን መልክ ከፊቴ ላይ የማጠፋው መሰለኝ። እርስዎ ምን ይላሉ?”

መኮትኮቻቸውን አስቀምጠው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

“እናትሽ ስትስቅ በነጠላዋ ትሸፈን ነበር። ‘ተይው’ ስላት ‘አፍራለሁ’ ትለኛለች። ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር ሳቋን ሳትሸፍነው ያየሁት በመጨረሻ፣ ታማ እጇን ማንሳት ሲያቅታት ነው። ያኔ እንዲህ ያለ ሕክምና መኖሩን ባውቅ ተሸክሜም እወስዳት ነበር።” ቀና ብለው አዩዋትና፣ “ደግሞስ በጥርስሽ ብቻ ነው የምትመስያት ያለሽ ማነው? ከበር ኮቴሽን ስሰማ እኮ አሁንም ልቤ ይደነግጣል” አሏት።

ተመልሳ ብሬስ አሳሰረች፤ በየጥርሱ ተለጥፎ በሽቦ የሚያያዝ ማስተካከያ ነው። ዶክተሯን የለመነቻት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ምስል እንዳይጠፋ። ዶክተር መክሊት በሚቀጥለው ወር ስትመጣ የጥርሶቹን ቅርጽ በማሽን ከነጭ ፕላስቲክ አሠርታ፣ በጨርቅ ጠቅልላ አመጣችላት። እሷም ለአባቷ ወሰደችላቸው፤ አቶ ኃይለመስቀል ከዳዊታቸው አጠገብ አስቀምጠውታል።

ሕክምናው ቀላል አልነበረም። ሽቦው በጠበቀ ቁጥር ለሦስት ቀን ምግቧ ገንፎና ሾርባ ነው። ተማሪዎቿ “ቲቸር፣ ጥርስሽን ማን አሰረው?” ይሏታል። በየሳምንቱ በእረፍት ሰዓት ከንፈሯን በማንኪያ ገለጥ አድርጌ በስልክ አነሳትና ለዶክተሯ እንልካለን። አንድ ጊዜ አንዷ ብሬስ መላቀቋን አዳማ ሆና ከፎቶው ለይታ ነገረችን፤ እኛ አጠገቧ ሆነን አላየንም ነበር።

በሃያ ሦስተኛው ወር ተፈታላት። ላንቃዋም ድኗል። እጇ ግን ልማድ ሆኖበት ለወራት ወደ አፏ መሄዱን አልተወም፤ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆምና ጉንጯን አከክ አድርጎ ይመለሳል።

አሁን ጥርሶቹ ወደ ድሮ ቦታቸው እንዳይመለሱ ስትተኛ የምታጠልቀው እንደ መስታወት የጠራ ነገር አላት። አንዳንዴ ማታ እሱን አጥልቃ ትደውልልኛለች። ምላሷ ይተሳሰራል። መሰረት የሚለው ስሜ “መሸረት” ይሆንባታል። እኔም ሆን ብዬ “ማን ልበል? አልሰማሁም!” እላታለሁ። ደግማ ትሞክራለች፤ ሦስተኛው ላይ ሳቅ ያሸንፋትና ለመልካም አዳር የተደወለው ስልክ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል።