የቧንቧው ትርፍራፊ

ቀይ ሽብር ጋብ ባለ ማግስት፣ ቦሌ ሚካኤል ለምንኖርበት የቀበሌ ቤት ቧንቧ ሊዘረጋ የመጣው ሰውዬ ገና ከጠዋቱ አስጠላኝ። ደጃፌ ላይ ተዘርፍጦ የብረቱን ቧንቧ በመጋዝ ይቆርጥና ጫፉ ላይ ጥርስ ያወጣለታል። ከዚያ ቃጫውን አፉ ውስጥ ከትቶ እያላመጠ በምራቁ ያርሰውና የቧንቧው ጥርስ ላይ ይጠመጥመዋል። ልጆቼ የሚጠጡት በዚያ የሚያልፈውን ውሃ ነው። የፕላስቲኩን ቧንቧ ጫፍ ደግሞ ለማስፋት እሳት ላይ ያለሰልሳል፤ ጢሱ አንጀት ይገለብጣል። ንፍጡን በክንዱ ይጠርግና በዚያው ክንዱ ቧንቧውን ይወለውላል።

ከሁሉ ያንገሸገሸኝ ግን የተረፈውን ማበላሸቱ ነው። ዕቃ በጠፋበት ዘመን፣ ክንድ የሚያህለውን ብረት ጣት እስኪያክል ድረስ ይከታትፈዋል።

«ምነው፣ ለሌላ ጊዜ ይሆነን አልነበር?» አልኩት።

ቀና ሳይል፣ «ይሄ ሳይቆረጥ ከቀረ ልክ ለእጅ ይመቻል፣ እትዬ» አለኝ። «የጨበጠው ሰው ሳይመታበት አያስቀምጠውም።»

ሲጨርስ ቁርጥራጩን ለቃቅሞ ከረጢቱ ውስጥ ከተተና ተነሳ። ያን ጊዜ ነው አረማመዱን ያየሁት። በእግሮቹ ጠርዝ እየረገጠ፣ ውስጥ እግሩን መሬት ሳያስነካ ነበር የሚሄደው።

ከጠዋት ጀምሮ ያስጠላኝ እሱ ነበር፤ አሁን ግን ያስጠሉኝ ውስጥ እግሩን የገረፉት ናቸው።