የእትዬ አስቴር ኮምፒውተር

ይህን ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም። ስጸልይም ዙሪያውን እየዞርኩ አልፈዋለሁ። ለእናንተ የምናገረው ፊታችሁን ስለማላይ ይሆናል። ፈሪ ነኝ፤ ከዚሁ ይጀመር።

ዲላ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። እትዬ አስቴር ጸሐፊያችን ነበሩ፤ ምሳ ሳልበላ ከዋልኩ ፊቴን አይተው የሚያውቁብኝ እናት። ባለቤታቸው መምህር ዱካሌ ታመው አልጋ ላይ ሳሉ፣ ኢዲዶ ቀበሌ ስላለው ጓሯቸው በጌዴኦኛ ያወሯቸው ነበር፦ የትኛውን ዛፍ ማን እንደተከለው፣ የትኛው እንሰት የትኛው ልጅ ሲወለድ እንደተተከለ። እትዬ አስቴርም ቤት የሰሙትን በማግስቱ በምሳ ሰዓት ቢሮ ኮምፒውተራቸው ላይ ይተይቡታል። መምህሩ ካረፉ በኋላም ፋይሉን እየከፈቱ ሲያነቡ አያቸው ነበር። አንዳንዴ ብቻቸውን ይስቃሉ።

«ፍላሽ ላይ ልገልብጥልዎ?» ስላቸው፣ «አንተ እያለህ ምን ይሆናል ልጄ?» ይሉኝ ነበር።

ከዚያ መሥሪያ ቤቱ ኔትወርኩን ቀየረ። የድሮው ጸረ ቫይረስ ወጥቶ አዲስ መግባት ነበረበት። አንድ ቅዳሜ ብቻዬን ገብቼ የእትዬ አስቴርን ኮምፒውተር ከፈትኩ። ፕሮግራሙ አልወጣም አለ። ለመውጣት የድሮውን ሰርቨር፣ ሁሉንም የሚያዘውን ዋና ኮምፒውተር፣ ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ ሰርቨሩ ደግሞ አዲሱ ኔትወርክ ላይ የለም። የቤቱን ባለቤት ሳልሰናበት አልሄድም ብሎ በር ላይ እንደቆመ እንግዳ ሆነብኝ። አጠፋዋለሁ፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ተመልሶ ቁጭ ይላል።

ሰው መጠየቅ እችል ነበር። ለምን አልጠየቅሁም? «አቃተኝ» ማለት ሞት መስሎ ስለታየኝ ነው። እኛ ባለሙያ ተብዬዎች ለበሽታው ሁሉ አንድ መድኃኒት አለን፤ ፎርማት፣ ጠርጎ እንደ አዲስ መጫን። ከዲስኩ ሁለት ክፍሎች ፋይል የሚቀመጥበትን «ዲ»ን አትንካ፣ ፕሮግራሞቹ ያሉበትን «ሲ»ን ጥረግ። ሠራተኛው ሁሉ ፋይሉን «ዲ» ላይ እንዲያስቀምጥ ተነግሮታል። የእትዬ አስቴር ፋይል ግን ዓይናቸው እንዲያርፍበት ዴስክቶፑ ላይ ነበር፤ ዴስክቶፕ ላይ ያለ ነገር ደግሞ ከ«ሲ» ጋር ይሄዳል። አላውቅም ነበር እንዳልል፣ ስንቴ አይቼዋለሁ! በንዴት ጠረግሁት። ትዝ ሲለኝ አልቆ ነበር።

ሰኞ ጠዋት፣ «ፋይልዎን መብራት ነው ያቃጠለው» አልኳቸው። ዲላ ውስጥ መብራትን የከሰሰ ሰው ምስክር አይጠየቅም። የእሳቸው መልስ ግን ያልጠበቅሁት ነበር። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ዓርብ ሶኬቱን ሳልነቅል ነው የወጣሁት። ለቅሶ ነበረብኝ፣ ቸኩዬ ነበር። እኔ ነኝ ልጄ፣ የዱካሌን ቃል ያቃጠልኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ያኔ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ግን ምን አልኩ? «አይዞዎት፣ ያጋጥማል» አልኩ። አጥፊው እኔ፣ አጽናኙም እኔ! ፊቴ ሲገረጣ አይተው ደግሞ «አንተ አትዘን» ብለው ትከሻዬን ዳበስ አደረጉኝ።

ከወር በኋላ አንድ የሙያ ባልደረባዬ፣ የድሮውን ሰርቨር ከዕቃ ቤት አውጥቼ ለአሥር ደቂቃ ባገናኘው ኖሮ ፕሮግራሙ በሰላም ይወጣ እንደነበር ነገረኝ። እየሳቅሁ ሰማሁት፤ ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

እትዬ አስቴር ዛሬ ጡረታ ወጥተው ጨለለቅቱ ከተማ ልጃቸው ዘንድ ይኖራሉ። ባለፈው ሳምንት ልጃቸውን ዲላ ገበያ አገኘኋት። ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር እናቷ ቤቱን እየዞሩ ሶኬት እንደሚነቅሉ እየሳቀች አወራችኝ። ቀጥላ ግን ሳቋ ጠፋ። «ልጆቼ ‹አያታችን ዱካሌ ምን ይሉ ነበር?› ሲሏት፣ ‹ጽፌው ነበር፣ አቃጠልኩት› ትላቸዋለች» አለችኝ።

የጠፋውን ልመልስ አልችልም። መምህር ዱካሌ አንዴ ተናግረውታል፤ ሁለተኛ አይናገሩትም። ግን እኒያን የምወዳቸውን እናት ስንት ዓመት ሙሉ በባላቸው ቃል ላይ እሳት እንደለቀቁ እያሰቡ እንዲተኙ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ወጣት ነበርኩ ብዬ አላመካኝም፤ ዝም ያልኩት ጎልምሼም ነው።

እትዬ አስቴር፣ ነገ ጨለለቅቱ እመጣለሁ። ይቅርታውን እርስዎ ያውቃሉ፤ ቢነፍጉኝም አልቀየምም። የልጅ ልጆችዎን ግን ይጥሩልኝ። አያታቸው ምንም እንዳላቃጠሉ ከእኔ አፍ ይስሙ።