ለእናቴ ያላነበብኩላት

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ደብዳቤ ሲነበብ ግን አዛዧ እሷ ነበረች። እኔ ሰባተኛ ክፍል የደረስኩ፣ ጮክ ብዬ በማንበብ አስተማሪ ያመሰገነኝ፣ እሷ አጠገብ ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ ሳነብ ግን እንደ ተከሳሽ ነበር የምርበተበተው።

ታላቅ ወንድሜ በሞያሌ በኩል አድርጎ ደቡብ አፍሪካ ከገባ በኋላ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወሬው ሆሳዕና ከተማ የሚደርሰን በወረቀት ነበር። ከዚያ የተመለሰ ሰው ይዞት ይመጣል። አንዴ የአዲሎ ነጋዴ፣ አንዴ የማናውቀው የዱራሜ ሰው፣ በራችን ላይ ቆሞ ስሟን ይጠራል። እናቴ እንሰት ስትፍቅ የዋለ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ትቀበለውና ፖስታውን መጀመሪያ በመዳፏ ትመዝነዋለች። ወፈር ካለ ፊቷ ይፈታል። ቀጭን ከሆነ ወንድሜን በሌለበት ትቆጣዋለች፤ "እጁ ታሟል እንዴ?" ትላለች።

ከዚያ ንባቡ ይጀመራል። ወረቀቱ የሚዘረጋው በኔ ጉልበት ላይ ሳይሆን በሷ ጉልበት ላይ ነው። ወንድሜ የተማረው በአማርኛ ስለሆነ የሚጽፈውም በአማርኛ ነበር፤ እኔ አንዱን ዓረፍተ ነገር አንብቤ ወደ ሀዲይኛ እመልስላታለሁ። የሷ የገበያ አማርኛ ቆጮ ሸጦ ለመግባት ይበቃል እንጂ ለደብዳቤ አይበቃም። ጣቷ ግን ይበቃ ነበር። የሻከረ አመልካች ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ከድምፄ ጋር እኩል ታስኬደዋለች። አንድ መስመር ስንት ትንፋሽ እንደሚፈጅ በልምድ አውቃዋለች። ዘለል ካደረግሁ ጣቷ ቆሞ ይጠብቀኛል።

"ይሄን አላነበብሽም።"

"አንብቤዋለሁ፣ እማዬ።"

"ድምፅሽ እዚህ አልደረሰም።"

እንዴት እንደምናደድ! ሰፈር ውስጥ ጓደኞቼ ገመድ እየዘለሉ ይጠብቁኛል፤ እኔ ደግሞ ማንበብ የማትችል ሴት ንባቤን ታርመኛለች።

አንድ ጊዜ ወንድሜ የሚሠራበት ሱቅ ተዘርፎ፣ እሱም ጭንቅላቱን ተመትቶ ሆስፒታል መተኛቱን ጻፈ። "ለእማዬ ስታነቢ ይሄን እለፊው" የሚል ጨምሮበታል። አለፍኩት። ሦስት መስመር ነበር። ጣቷ ቆመ። "ለአክስቴ ሰላምታ ነው" አልኳት።

"ለአክስትሽ ሰላምታ ሦስት መስመር አይፈጅም" አለች።

አነበብኩት። አለቀሰች። ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፣ ተመልሳ መጥታ ከብቶቹን አስገባች፣ ራቷንም በላች። በማግስቱ ጠዋት ጎመን እየከተፈች፣ ቀና ሳትል፣ "ብትደብቂኝ ኖሮ ማን ይጸልይለት ነበር?" አለችኝ።

ዓመታት አለፉ። እኔ አስተማሪ ሆንኩ፤ ከደመወዜ ቆጥቤም የሚዳሰስ ስልክ ገዛሁ። ደብዳቤ የሚያመጣ ሰው እየቀረ፣ የወንድሜ ወሬ በዚያ ስልክ ይመጣ ጀመር። ሌላው ሰው በስልክ ድምፅ እየሰማ ይገላገላል። እናቴ ግን ጆሮዋ ከብዶ ስለነበር፣ ሲደውል "አለህ ወይ? አለህ ወይ?" ብላ ጮኻ ጮኻ፣ መልሱ ሳይገባት ስልኩን ለኔ ትመልስና ዓይኗን ትጠርጋለች። ስለዚህ እሱ መጻፉን፣ እኔም ማንበቤን ቀጠልን።

የመጀመሪያ ቀን ስልኩን እንደ ድሮው ጉልበቷ ላይ አስቀመጥኩላት። ጣቷን ስታሳርፍበት ጽሑፉ ሽቅብ ሸሸ። ደግማ ነካችው፣ የማናውቃቸው ሙሽሮች ፎቶ ብቅ አለ። ሳቅሁባት። እሷ አልሳቀችም።

"ይሄ ነገር ቁጭ አይልም እንዴ?" አለች።

ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከረች። ስክሪኑ ይጠፋባታል፣ ይሸሻታል። መጨረሻ ላይ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከታ፣ ስልኩን ትታ ፊቴን ማየት ጀመረች። "እንግዲህ ያልሽኝን ነው የማምነው" አለች። በጣም ቀለለኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ።

የዚያን ጊዜ እናቴ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትጠብቀው፤ ልጇ ለመስቀል መጥቶ እንዲያገባ። በየዓመቱ "ለሚቀጥለው" ይል ነበር። እሷም ሞርሲቶ፣ ወንድሞቿ ያሉበት መንደር፣ አንዲት ልጅ አይታ፣ ከቤተሰቧ ጋር ቃል ተለዋውጣ፣ የሚታረደውንም ወይፈን ለይታ ታደልብ ነበር። ሐኪም ደግሞ ደም ግፊት እንዳለባት ነግሮናል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በረንዳ ላይ ሆነን መልእክት ገባ። ረጅም ነበር። ወንድሜ እዚያው አግብቷል፤ የዚያን አገር ሴት። ሴት ልጅ ወልደዋል። መምጣት አይችልም፣ መቼ እንደሚችልም አያውቅም። "እማዬ ትቆጣለች፣ አውቃለሁ። ግን ንገሪያትና የልጄን ስም እሷ ታውጣልኝ። እሷ ካላወጣችላት ስም አልሰጣትም" ይላል።

እናቴ ፊቴን ታያለች።

"ምን አለ?"

"ደህና ነኝ ይላል። ለመስቀል ለመምጣት እየሞከርኩ ነው ይላል።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው ያልኳት። ስለ ደም ግፊቷ አስቤ ነው እያልኩ ራሴን ለረጅም ጊዜ አታልያለሁ። እንደዚያ አይደለም። ፊቷ ሲለወጥ ማየት ፈራሁ፣ ሞርሲቶ ሄጄ ለዚያች ልጅ ቤተሰብ መናገር ፈራሁ። ስልኩ ደግሞ አላጋለጠኝም። ጉልበቷ ላይ ወረቀት ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ መስመር የት አደርገው ነበር?

ወንድሜ የልጁን ስም ይጠብቃል። እሁድን ሙሉ ሳልመልስለት ስውል ጨነቀው፤ "ተቆጣች እንዴ?" ብሎ ጻፈ። በማግስቱ በትምህርት ቤቱ እረፍት ሰዓት የአስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ሻይ እየጠጣሁ አንድ የሀዲይኛ ስም ከራሴ አወጣሁና "እማዬ መርቃታለች፣ ይሄን በላት ብላሃለች" ብዬ ላክሁለት። ቁጭ ብሎ ማልቀሱን ጻፈልኝ። ልጅቷ በዚያ ስም ተጠራች። ፎቶዋ በየወሩ ይመጣል፤ ግንባሯ የእናቴን ነው። እኔ አየዋለሁ፣ ስልኬንም ወደ ቦርሳዬ እከተዋለሁ።

ከሁለት መስቀል በኋላ እናቴ ከጎረቤታችን ጋር ጓሮ ቆማ ስታወራ ሰማኋት። ጆሮዋ ከከበደ ወዲህ ድምፅዋን መቀነስ ትታለች። "አሁንስ መምጣቱንም ተውኩት" አለች። "እዚያው አግብቶ አንዲት ልጅ እንኳ ቢወልድልኝ፣ መኖሯን ሰምቼ ብሞት ምን ነበረበት?"

ቦርሳዬ ውስጥ፣ ስልኬ ላይ፣ ልጅቷ የቆመችበት፣ የሳቀችበት፣ ኬክ ፊቷን ያዳረሰበት ፎቶ አለ። ብገባና ባሳያት በቃ ነበር። ግን ያን ጊዜ የምነግራት ስለ ልጅቷ ብቻ አልነበረም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ መዋሸቴንም ጭምር ነው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እነግራታለሁ ብዬ ወሰንኩ። ሐሙስ ቀን ገበያ ውላ ገብታ፣ ራሴን አመመኝ ብላ ተኛች። ዓርብ ሐኪም ቤት ደረስን። ቅዳሜ ቀበርናት።

ከዚያ ወዲህ የምናፍቀው ጣቷን ነው። ሰው ይሳቅብኝ። ያን እንሰት ያሻከረውን፣ "ድምፅሽ እዚህ አልደረሰም" የሚለውን፣ በልጅነቴ የጠላሁትን ጣት። ተማሪዎቼ ስልካቸውን አጎንብሰው ሲያነብቡ ሳይ፣ ማን ዘለለ ማን አነበበ አይታወቅም፤ እኔም እዚያው ቆሜ እሷን እናፍቃለሁ።

ባለፈው ዓመት ወንድሜ እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፤ ልጅቷ አድጋለች፣ ስሜን ማን አወጣልኝ ትላለች። "እማዬ ስሟን ስታወጣላት ያለችውን በወረቀት ጻፊላት። በእጅሽ ጻፊው። ሰው ይዞላት ይምጣ፣ ታስቀምጠው።" በስልክ ቢሆን ኖሮ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንድ ገጽ ምርቃት ፈጥሬ በአሥር ደቂቃ እልክለት ነበር። ለምጄዋለሁ።

ወረቀት ገዛሁ። ሦስቱን ቀደድኩ። በአራተኛው ላይ፣ አባቷ ሲያነብላት እንዲገባት በአጭር በአጭሩ፣ አያቷ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረች ጻፍኩላት። ከዚያ እንዲህ አልኩ፤ "ስምሽን ያወጣሁት እኔ አክስትሽ ነኝ። አያትሽ መወለድሽን አልሰማችም፤ እኔ ደበቅኋት። የልጅ ልጅ ትፈልግ ነበር። ነግሬያት ቢሆን ስምሽን እሷ ታወጣልሽ ነበር። ምን ብላ እንደምትጠራሽ አላውቅም።"